ቦሎ ከመድረሱ በፊት ማግኔቷን አውጡ

ባለፈው ግንቦት አንድ አባት ዲኤክስ ቶዮታቸውን ይዘው መጡ። መኪናዋን አስመርምረው ቦሎ ሊያሳድሱ ሦስት ቀን ቀርቷቸዋል። «ልጄ፣ ምንም የላትም። እዚህች ጋ ትንሽ አብጣለች፤ ቀለም ነካ ነካ አድርግልኝና ልሂድ» አሉኝ። ጣታቸውን ያሳረፉት ከሹፌሩ በር ስር፣ ደፉ ላይ ነው። የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቦታ ላይ ቀለሙ ተነፋፍቷል።

ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ማግኔት አለች፤ ከተበላሸ ስፒከር ያወጣኋት። ቀለም እንዳትጭር በመሀረብ ጠቅልዬ ከፊት ጎማው ጀምሬ ደፉን ተከትዬ አንሸራተትኳት። ያዘች፣ ያዘች፣ ከዚያ ዱብ አለች። አነሳኋት፤ ዱብ። ከዚያ ወዲያ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ የሚይዛት ነገር አላገኘችም። በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ሳደርግ የጭቃ ግድግዳ የማንኳኳ ነው የመሰለኝ። በጫፉ ትንሽ ጫን ስል ስቱኮው ተሰንጥቆ ወረደ። ከጀርባው ተጣጥፎ የተጠቀጠቀ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወጣ። ላሜራ የሚባል ነገር የለም፤ ዝገት በልቶታል።

አባት ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ «ለዚህ ነው የከፈልኩት?» አሉ። ከሁለት ዓመት በፊት የሆነ ጋራዥ «ተሠርቷል» ብሎ አስረክቧቸው ነበር። የማን ጋራዥ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ላሜራ መሥራት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ቄራ አካባቢ በረዳትነት ነው ያሳለፍኩት። ያኔ የአንድ ሚኒባስ ወለል ተበልቶ መጣና ባለቤቱ ቸኮለ፤ የዘይት ቆርቆሮ ዘርግቼ በሪቬት ያዝኩት፤ ከስር ሬንጅ ቀባሁት። አዲስ መስሎ ነበር። መርማሪው ቡካ ውስጥ፣ ከመኪናው ስር ባለው ጉድጓድ፣ ገብቶ በባትሪው ጫፍ ገፋ ሲያደርገው ቆርቆሮዬ እሱ ላይ ወረደ። ሚኒባሱ ወደቀ። ባለቤቱ ሁለተኛ ከፈለ። እኔም የሳምንት ደሞዜን አጣሁ፤ ያስተማረኝ ጋሼ ደግሞ ቆርቆሮዋን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ለስድስት ወር እያየኋት እንድሠራ አደረገኝ።

የቦሎ ሰሞን ሰው ፍሬኑን ያሠራል፣ መብራቱን ያስተካክላል፣ ጎማ ይቀይራል። ዝገትን ግን የውበት ጉዳይ አድርጎ ይተወዋል። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ። ፍሬን በአንድ ቀን ይሠራል። የተበላ ደፍ በአንድ ቀን አይሠራም፤ በአንድ ቀን የሚሠራላችሁ ሰው ካገኛችሁ ከረጢቱን እያዘጋጀ ነው። ስለዚህ ከቦሎው ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ፈትሹ።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ቡናማ አቧራ መስሎ ከላይ የተቀመጠ አለ፤ በብርጭቆ ወረቀት ስታሹት ከስሩ የሚያበራ ብረት ይወጣል። ይሄ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሁለተኛው ቀለም የሚያሳብጠው ነው። ዝገት ከነበረበት ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀለሙን ከስሩ ይገፋዋል። ከላይ የስኒ ማስቀመጫ ካያችሁ ከውስጥ ሰፌድ ጠብቁ። ሦስተኛው ቀዳዳ ነው፤ እሱ ራሱ ይናገራል።

ትልቁ ጥያቄ ግን የት ነው የሚለው ነው። የዲኤክስ የፊት ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ፣ በብሎን የታሰረ ነው። ከተበላ ያስቀይማል፤ ሹል ጠርዙ እግረኛ ይቧጭራል፤ ግን ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሌላ ገዝታችሁ ታስሩታላችሁ። ወለል፣ ደፍ፣ የሞላ መቀመጫ፣ የቀበቶ ማሰሪያ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ዲኤክስ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ ለብቻው ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ነው ተሸካሚው። ደፉ ሲበላ መኪናዋ ወገቧን ታጣለች ማለት ነው። ላንድክሩዘር፣ ሃይሉክስና አይሱዙ ላይ ደግሞ ዓይናችሁ ሻንሲው ላይ ይሁን። የቦዲው ቀዳዳ እዚያ ሁለተኛ ነው።

ለንደን የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለ። እነሱ ጋ ምርመራው ኤምኦቲ ይባላል። ከቀበቶ ማሰሪያ፣ ከሞላና ከመሪ ማሰሪያ፣ ከፍሬን ማሰሪያ በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ብረቱን ያደከመ ዝገት ከተገኘ መኪናዋ ትወድቃለች። እዚያ ቦታ ላይ ስቱኮ ጥገና አይባልም፤ መበየድ አለበት። ሕጉ የእኛ አይደለም፤ ግን መለኪያው ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። ተማሪ የሚይዛት ማስመሪያ ልኳ 30 ሴንቲ ሜትር ነች። እሷን ይዤ በየማሰሪያው ዙሪያ በጠመኔ ክብ አስምራለሁ። ክቡ ውስጥ ዝገት ካለ ባለቤቱን አስቀምጬ አወራዋለሁ። ከክቡ ውጭ ከሆነ ገንዘብ እስኪያገኝ መጠበቅ ይችላል።

አሁን ፍተሻው። ቡካ ያለበት ጋራዥ ወይም ላቫጆ ሂዱና ከስር አሳጥቡ፤ ጭቃ ላይ ዝገት አይታይም። ሲደርቅ ባትሪ ይዛችሁ ራሳችሁ ግቡ። ክሪክ ላይ በቆመች መኪና ስር ግን በምንም ምክንያት አትግቡ። ክሪኩ ራሱ ከተበላ ደፍ ውስጥ ሰርስሮ ሲገባ አይቻለሁ፤ ደግነቱ ስሯ ሰው አልነበረም።

ከፊት ጀምሩ። ኮፈኑን ክፈቱና ባትሪውን አንሱ። የባትሪ አሲድ ትሪውን በልቶ ወደ ታች ይወርዳል። በቢካርቦኔትና በውሃ እጠቡት፤ መፍላቱን ሲተው አሲዱ አልቋል። ከዚያ ከፊት መስታወት ስር ያለውን ቦይ እዩ። ግቢያቸው ጃካራንዳ ወይም ባህር ዛፍ ያለ ሰዎች መኪና ላይ ቅጠሉ የውሃ መውረጃውን ይደፍነዋል፤ ውሃው ወደ ውስጥ ዞሮ ከሹፌሩ ምንጣፍ ስር ይተኛል። ክረምት ላይ መኪናችሁ ውስጥ የረጠበ ጨርቅ ሽታ ካለ ሌላ ምልክት አትፈልጉ። ምንጣፉን አንሱት።

ምንጣፉን ያላነሳ ሰው መኪናውን አየሁ አይበል። ከላይ ልስልስ ያለ ምንጣፍ፣ ከስሩ የበሰበሰ ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ስር አስፋልት። ይሄን ስል እየቀለድኩ አይደለም። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከተቀደደ ደግሞ ጭሱ በዚያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ከሰል አጭሰው በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ምን እንደሚገድላቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ያው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፤ ልጆች ኋላ ወንበር ላይ ሲያንቀላፉ ደክሟቸው ይመስላችኋል።

ቀጥሎ በሮቹ። ከስራቸው ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። ቀለም ቀቢዎች ብዙ ጊዜ ይደፍኗቸዋል። በሩን ስትዘጉት ውሃ ሲንቦጫረቅ ከሰማችሁ ተደፍኗል። ከኋላ ኮፈን ውስጥ ስኮርታ ጎማውን አንሱ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ካለ የመብራቱ ጎማ አርጅቷል። በመጨረሻ የጎማዎቹን ጣሪያ በእጃችሁ ዳስሱ። ከንፈሩ ላይ ጭቃ ተጋግሮ ይቀመጣል። የአዲስ አበባ ጥቁር ጭቃ ደግሞ ውሃ ይዞ የሚያድር ነው፤ ፀሐይ ወጥቶም ከውስጥ እርጥብ ነው።

የፍሬን ቱቦዎቹን አትርሱ። ወለሉ ስር የሚሄዱ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ናቸው። በጥፍራችሁ ስትፍቋቸው የሚቀረፍ ዝገት ካላቸው ይቀየሩ። ሬንጅ አይቀቡም፣ አይበየዱም። ለፍሬን የተሠራ ቱቦ ብቻ።

ከየት እንደመጣችም ቁጠሩት። ከአውሮፓ የመጣች ያሪስ ክረምቷን በረዶ ለማቅለጥ ጨው በተበተነበት መንገድ ላይ ነው ያሳለፈችው። ከላይ ሙሽራ ናት፤ ከስር ግን እዚሁ ካረጀች ዲኤክስ የባሰ ሊሆን ይችላል። አፍዴራ ጨው ሲጭን የኖረ አይሱዙ ሻንሲ ደግሞ በመዶሻ ስትመቱት እንደ ዳቦ ቅርፊት ይረግፋል። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖችን ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ማስታመም ሆኗል ሥራችን፤ ስትገዙም ማግኔቷን ይዛችሁ ሂዱ።

እንግዲህ ጥገናው። ቀለል ያለውን ዝገት ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ። በሽቦ ብሩሽ ፍቁት፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ እሹት፣ በቲነር ጥረጉት፣ በዚያው ቀን ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። በዚያው ቀን ያልኩት በምክንያት ነው። ሐምሌ ላይ የተራቆተ ብረት አድሮ ጠዋት ቡናማ ነው። ኮካ የሚያፈሱበትም አሉ። ውስጡ ፎስፎሪክ አሲድ ስላለ ዝገት ይነካል፤ ግን ስኳሩን ጥሎ ይሄዳል። የተጣበቀ ብሎን ላይ ሞክሩት፤ ወለል ላይ አይሆንም።

ቀዳዳውን ለበያጅ ስጡ። ግን ምን እንደምትጠይቁ እወቁ። በእኚያ አባት ዲኤክስ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታሁ። ወንበሩንና ምንጣፉን አወጣሁ። አንድ ባልዲ ውሃ አስቀምጬ ረዳቴን ውስጥ አስገባሁት፤ ሥራው እሳት መጠበቅ ብቻ ነው። ብየዳው ወደ ነዳጅ ታንከሩ ቢጠጋ ኖሮ ታንከሩን አወርድ ነበር፤ «ጥንቃቄ አደርጋለሁ» የሚለውን በያጅ አትመኑት። ከዚያ የተበላውን ቆረጥኩ። ንጹሕ ብረት አገኘሁ ስል አላቆምኩም፤ ሁለት ጣት አልፌ ቆረጥኩ። ዝገት ላይ የተበየደ ብየዳ ዝገቱ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል። ስቱኮው፣ ከረጢቱና የዛገው ተሰብስቦ ግማሽ ጀሪካን ሞላ።

ምትኩ 1 ሚሊ ላሜራ ነው። የመጀመሪያውን ቅርጽ በካርቶን ቀድጄ ለካሁ፣ አጠፍኩ፣ አስገባሁ። ብዙ ሰው ያለውን ትርፍራፊ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ፣ ቆርቆሮ ያመጣል። እሱ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በሽታ ነው፤ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላል። ወተት መጠጣት የሚያወጣው ይመስለናል። አያወጣውም። ሽፋኑን ፍቁ፣ በር ክፈቱ።

በወፍራም ኤሌክትሮድ እንዳይበየድላችሁ። እንዲህ ቀጭን ላሜራ ላይ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ መርፌ በሚበቃበት ቦታ አካፋ ማንሳት ነው፤ ሲያቃጥልና ሲበሳ ይውላል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝና በቀጭን ሽቦ የሚሠራው ሲኦቱ ብየዳ ይሻላል፤ ካልተገኘ እጁ የሠለጠነ የጋዝ በያጅ። ሁለት ሴንቲ ሜትር እበይዳለሁ፤ ዘልዬ ሌላ ጫፍ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር፤ ከዚያ ተመልሼ እያያዝኩ ክፍተቱን እዘጋለሁ። በአንድ ትንፋሽ ከዳር ዳር ከሄዳችሁ ላሜራው ይጣመምና በሩ አይገጥምም። ነጠብጣብ ብየዳ ብቻ አድርጎ መሀሉን በስቱኮ የሚዘጋም አለ። ዙሪያውን ድፍን ብየዳ መሆኑን ስቱኮው ሳይገባ በዓይናችሁ እዩት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ከዚያ ሁሉም የሚረሳው ነገር። ደፉ ሳጥን ነው፤ ከውስጥም ይዝጋል። በሚበየድበት ጊዜ የውስጡ ቀለም ተቃጥሏል። ከውጭ ቀለም ቀብታችሁ ውስጡን ከተዋችሁት ሁለት ክረምት አይቆይም። ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ውስጡን ፀረ ዝገት ረጨሁት፤ ሲደርቅ ሞቅ ያለ ግራሶ በዘይት አቅጥኜ ጨመርኩ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ክፍት ተውኳቸው። የብየዳውን መጋጠሚያ በማስቲሽ ሸፈንኩ። ስቱኮ የመጨረሻው ነው፤ ከ2 ሚሊ ያልበለጠ፣ ለማስተካከል ብቻ። አራት ቀን ፈጀ። አባት ቦሎውን በቀጠሮው አልደረሱበትም፤ እኔም ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር። በታክሲ ሄዱ፣ በታክሲ መጡ።

ስለ ሻንሲ ቁጥር አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቀጣል። መርማሪው ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። ዲኤክስ ላይ ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስ ላይ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻንሲው ላይ። ዝገት ከሸፈነው በነጭ ጋዝ አርሱትና በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ ስስ ግራሶ ቀቡት። ግራይንደር አታስጠጉት። አንድ ቁጥር ከጠፋ ጥያቄው ስለ ዝገት መሆኑ ይቀርና መኪናዋ የማን ናት ይሆናል። ቁጥሩ ያለበት ብረት ራሱ ከተበላ በያጅ ከመንካቱ በፊት ወደ መዘገባችሁ መሥሪያ ቤት ሂዱ። ቀለሙም ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ዝገት ላጠፋ ብላችሁ ነጯን መኪና ሰማያዊ አድርጋችሁ ሳታሳውቁ አትሂዱ።

በምርመራው ዋዜማ ከስር አሳጥቡ። ላቫጆው «ናፍጣ ልርጭበት?» ካላችሁ እምቢ በሉ። ናፍጣው የጎሚኒዎቹን፣ የብረት መጋጠሚያዎቹን ትራሶች፣ ጎማ ያለሰልሳል፤ ፍሬን ላይ ከደረሰ ደግሞ ነገ የፍሬን መለኪያው ሮለር ላይ ጉዳችሁ ይወጣል። ከመኪናው ስር የሚቀባውን ትኩስ ጥቁር አንደርኮትም በዋዜማው አትቀቡ። የሚሸት ጥቁር ነገር ያየ መርማሪ መጀመሪያ የሚገፋው እዚያው ላይ ነው፤ እኔም ብሆን እሱን ነው የምገፋው። ሊብሬውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ያዙ። የብየዳውን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አዘጋጁ። ከተጠየቃችሁ «ይሄ ተበልቶ ነበር፣ እንዲህ ተሠራ» ብላችሁ አሳዩ። የተደበቀ መፈለግ የለመደ ዓይን የተገለጠ ነገር ሲያይ ይረጋጋል።

ካላለፋችሁ ምክንያቱን በወረቀት ጠይቁ። «ቦዲ» ተብሎ ከተጻፈ የቱ ጋ እንደሆነ በጣት እንዲያሳዩዋችሁ ለምኑ፤ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ምልክቱን ይዛችሁ ወደ ጋራዥ ሂዱ። ጋራዥ በቃል የተነገረውን ነገር በሚመቸው መንገድ ነው የሚሰማው።

ዲኤክሷ አለፈች። አባት በመስከረም ተመልሰው መጡ፤ በእጃቸው የጃንጥላ ሽቦ ይዘዋል። «ቀዳዳዋ የትኛዋ ነበረች ልጄ?» አሉኝ። አብረን በጉልበታችን ተንበርክከን አራቱንም በሮች ጠረግን። ከኋላ ቀኙ በር የወጣው ጭቃ አንድ ጭልፋ ይሆናል።